ስለ ጨዋታ ኮምፒዩተር ራም አመራረጥ

(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፣ በኮምፒዩተር ክበባችን ስም በመሰብሰቢያው አዳራሽ የተነገረ)





የምንናገርበት ዕቃ ትንሽ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ያንሳል፤ ስፋቱም ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት ክበባችን የሁለት ዓመት መዋጮውን ሊያባክን ምንም አልቀረውም፤ ከገንዘቡም የሚብስ ጥፋት አድርሰናል፤ እርሱን ወደ ኋላ እንናገረዋለን።

ኮምፒዩተሩን ለመሥራት ያሰብነው ለጨዋታ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። ለክቡር ዲሬክተር ባቀረብነው ማመልከቻ ላይ ግን «ለትምህርት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፈነው ነበር። እርሳቸውም አንብበው ፈገግ ካሉ በኋላ፣ የበዓሉ መጽሔት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች በዚሁ መሣሪያ እንዲሰናዱ በማለት ፈቀዱልን። ገንዘቡን በየወሩ ከማዋጣታችን ሌላ፣ በወላጆች ቀን ሻይና ሳምቡሳ ሸጠን ሞላነው። ዕቃውንም የአንድ ጓደኛችን አጎት እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ከዱባይ ሲመጡ ይዘውልን መጡ።

ይህ አመጣጥ ልብ ይባል። ስለ ራም አመራረጥ በውጭ አገር የሚጻፉት ምክሮች ሁሉ አንባቢው ያልተስማማውን ዕቃ መልሶ ገንዘቡን እንደሚቀበል አድርገው ይናገራሉ። «ሞክረው፤ ካልሠራልህ መልሰው» ይላሉ። የእኛ ዕቃ ግን በአንድ ሰው ሻንጣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለ ሆነ መመለስ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ በእኛ አገር ራም የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እኛም ይህን ያወቅነው ከመረጥን በኋላ ነው።

አሁን ራም ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ራም ማለት ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚያስፈልገውን ነገር ለጊዜው የሚያኖርበት ስፍራ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ያፈለቁት የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ሲሆኑ፣ ሐሳቡ የመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1966፣ የፈጠራ መብቱም የተሰጠው በ1968 ነው። ብልሃታቸው እያንዳንዱን የመረጃ ቅንጣት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ማኖር ነው። ካፓሲተሩ ግን እንደ ስንጥቅ እንስራ የያዘውን ያፈሳል። ስለዚህ በዘመናዊው በዲ.ዲ.አር. 5 ራም ውስጥ እያንዳንዱ እንስራ በ32 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተነብቦ እንደገና መሞላት አለበት። ሙቀት ሲበዛም ማፍሰሱ ይብሳል። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ይህን ሁሉ ቀጂና ተመላላሽ ፋብሪካው ከወሰነለት እርምጃ በላይ ማስሮጥ ነው። ማስሮጥ ይቻላል፤ ግን የሮጠ ሰው አልፎ አልፎ ውሃ ያፈሳል።

ራም ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሁለት ቁጥሮች ይገጥሙታል። አንደኛው ፍጥነቱ ነው፤ 4800፣ 5600፣ 6000፣ 7200 እየተባለ በካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ሻጮች ሜጋኸርትዝ ይሉታል። እውነተኛው የሰዓት ምት ግን የዚህ እኩሌታ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ሁለተኛው ቁጥር ሲ.ኤል. የሚባለው ሲሆን በትንሹ ይጻፋል፤ ብዙ ሰውም አያየውም።

የሁለቱን ዝምድና ለመረዳት የቤተ መጻሕፍታችንን ጠባቂ እናስብ። መጽሐፍ ስንጠይቃቸው ወደ መደርደሪያው ሄደው እስኪመለሱ የሚራመዱት እርምጃ ሲ.ኤል. ነው እንበል። 40 እርምጃ የሚራመድ ሰው ከ30 እርምጃ ተራማጅ ይዘገያል ማለት ግን አይደለም፤ እርምጃውን የሚያፈጥን ከሆነ ሊቀድም ይችላል። ስለ ሆነም ሲ.ኤል.ን በ2000 አብዝቶ ለፍጥነቱ ማካፈል ነው፤ መልሱ በናኖ ሰከንድ ይገኛል። ፍጥነቱ 4800፣ ሲ.ኤል.ው 40 የሆነ ራም 16.7 ናኖ ሰከንድ ያስጠብቃል። 6000 በ36 የሆነው 12፣ 6000 በ30 የሆነው 10 ናኖ ሰከንድ ነው። የሚያስገርመው፣ የቀድሞው ትውልድ ዲ.ዲ.አር. 4 ራም በ3200 ፍጥነትና በ16 ሲ.ኤል. ሲሠራ መልሱ ያው 10 ይሆናል። የካርቶኑ ቁጥር እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ መልእክተኛው የሚደርሰው በዚያው ጊዜ ነው። በእርግጥ አዲሱ በአንድ ጉዞ የሚሸከመው ይበዛል፤ ቢሆንም ይህን ስሌት አስቀድመን ብናውቀው ኖሮ በዚያ ትልቅ ቁጥር ያን ያህል ባልሰከርን ነበር።

እኛ ግን ሰክረናል። ፕሮሰሰራችን የኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 5 7600 ነው። ማዘርቦርዳችን ቢ 650 የሚባለው፣ አራት የራም ማስገቢያ ያለው፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ነው። በስብሰባችን ላይ አንዳንዶች 6000 ይበቃል ሲሉ፣ ብዙዎቻችን 7200 ካልሆነ አልን። «ከ6000 7200 ይበልጣል» ከማለት በቀር ምክንያት አልነበረንም። በድምፅ አሸነፍን፤ ሁለት ፍሬ ባለ 16 ጊጋባይት፣ ባለ 7200 ራም ተገዛ።

ዕቃው መጥቶ ኮምፒዩተሩን ገጣጥመን በአበራነው ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፤ ከዚያ ደንግጠን ገመዱን ነቀልን። ደግመን አበራን፤ ደግመን ነቀልን። አዲስ ዲ.ዲ.አር. 5 ራም መጀመሪያ ሲገባ መሣሪያው ከራሙ ጋር እስኪለማመድ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ እንደሚችል ገና አላወቅንም ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ማንም ለመንቀል ድፍረት ስላጣ ብቻ በራ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለካ ይህ ነው።

የበራው ግን በ4800 ነበር። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩንን ነገር እንናገር። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሙ በራሱ የሚሠራበት ፍጥነት አይደለም፤ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ሲታዘዝ እንዲሠራበት የተሰናዳለት ፍጥነት ነው። ይህን ትእዛዝ ኢንቴል ኤክስ.ኤም.ፒ. ሲለው፣ ኤ.ኤም.ዲ. እ.ኤ.አ. በ2022 ኤክስፖ የሚባለውን የራሱን አውጥቷል። ሁለቱም ኦቨርክሎክ ናቸው። የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በሠሪው የተረጋገጠላቸው ፍጥነት 5200 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የራሙ ሠሪ ተስፋ እንጂ የፕሮሰሰሩ ሠሪ ቃል አይደለም። የእኛ ራም ኤክስ.ኤም.ፒ. ብቻ ነበረው፤ ብናዘውም ስክሪኑ እንደ ገና ጥቁር ሆነ። ባዮሱን አሳደስነው፤ ምንም ለውጥ የለም።

ከብዙ ንባብ በኋላ ምክንያቱን ደረስንበት። ራሙን የሚያዘው ተቆጣጣሪ የሚገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። በዚህ የራይዘን ትውልድ ተቆጣጣሪው ከራሙ ጋር እኩል መርገጥ የሚችለው እስከ 6000፣ ዕድለኛ ፕሮሰሰር ከሆነም እስከ 6400 ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ተቆጣጣሪው በእኩሌታ ፍጥነት ይረግጣል፤ በራሙ የተገኘው ትርፍ በዚያ ይጠፋል። ደግሞም ከተቆጣጣሪው ወደ ፕሮሰሰሩ ልብ የሚወስድ ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባል መተላለፊያ አለ። ይህ መተላለፊያ በ2000 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ፣ እንደ እኛው ባለ አንድ ክፍል ፕሮሰሰር ላይ በሰከንድ ከ64 ጊጋባይት በላይ ንባብ አያሳልፍም። ሁለት ፍሬ ራም በ6000 ሲሠራ ግን በሰከንድ 96 ጊጋባይት ማቅረብ ይችላል። በሩ አስቀድሞ ጠቦ ሳለ እኛ ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ ለማስፋት ገንዘብ ከፈልን! ራይዘን 7000 በወጣ ጊዜ ኤ.ኤም.ዲ. ራሱ 6000 የተሻለው ስፍራ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ምሳሌ በአማርኛ ክፍል ስንተነትን ለራሳችን የተባለ አልመሰለንም።

7200 እንዳልሆነልን በአየን ጊዜ 6000 ላይ ብንቆም ነገሩ በመልካም ባለቀ። ነገር ግን በስብሰባው ላይ ስለ ተሟገትን ኀፍረት ያዘን፤ 6400 ላይ አድርገን፣ ተቆጣጣሪውን እኩል እንዲረግጥ አዘዝነው። በራ! ጨዋታውም ሄደ። እግር ኳስ ተጫወትን፣ መኪና ነዳን፣ አንድም ጊዜ አልቆመም። «ይኸው፣ ይሠራል» አልን። በማግስቱ የበዓሉን ፎቶግራፎች ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ ጀመርን።

ፎቶግራፎቹ የቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን በአደራ የሰጡን ነበሩ። በስካነር አንሥተን፣ ለባለቤቶቻቸው ከምስጋና ጋር መለስን። በጠቅላላው 230 ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሔቱን ስናሰናዳ 27ቱ ተበላሽተው ተገኙ። በአንዱ ላይ የተማሪዎቹ ራስ ደኅና ሆኖ ከደረታቸው በታች ሰማያዊ ቀለም ሆኗል፤ በሌላው ሥዕሉ ከመካከሉ ተሰብሮ ወደ ጎን ሸሽቷል። አንዳንዱ ጨርሶ አይከፈትም። ስካነሩን ወቀስን፤ ከዚያ ፍላሹን ወቀስን። ራሙን ማንም አልጠረጠረም፤ ምክንያቱም ጨዋታው ይሠራ ነበርና። በጨዋታ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ብትሳሳት በሣሩ ላይ አንድ ነጥብ ቀለም ይለወጥና ያልፋል። በተጨመቀ ፎቶግራፍ ውስጥ ግን ያችው አንዲት ቅንጣት ከእርሷ በኋላ ያለውን ሁሉ ልታበላሽ ትችላለች።

እውነቱን የገለጡልን የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። አንድ ፋይል መቶ ጊዜ ገልብጠን ቅጂዎቹን እንድናስተያይ አዘዙን። ሦስቱ ከዋናው ተለይተው ተገኙ። ከዚያ ሜምቴስት 86 የሚባለውን መመርመሪያ ማታ ከፍተን ሄድን። መብራት ሁለት ሌሊት አቋረጠን፤ በሦስተኛው ሌሊት ከጽሕፈት ቤቱ ዩ.ፒ.ኤስ. ተውሰን ጨረስነው። ጠዋት ስንመጣ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቶ ነበር። እኛ ደግሞ «ዲ.ዲ.አር. 5 ስሕተቱን ራሱ ያርማል» የሚል አንብበን ተማምነን ነበር። እርግጥ ያርማል፤ ነገር ግን የሚያርመው በራሙ ቺፕ ውስጥ የተፈጠረውን ብቻ ነው። ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ ሲጓዝ፣ ከዐቅሙ በላይ በተጣደፈ ተቆጣጣሪ እጅ የተበላሸውን አያይም። የእኛም ጥፋት ከቺፑ ውጭ እንደ ነበረ ራሙ ኋላ መሰከረ፤ ራሙን ሳንለውጥ ፍጥነቱን ብቻ ወደ 6000፣ ሲ.ኤል.ውን ወደ 30 ብናወርደው ሌሊቱን ሙሉ አንድም ስሕተት አልተገኘም። መቶው ቅጂም መቶ ሆነ።

እንግዲህ አሁን ብንገዛ ምን እንገዛ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ለእንደዚህ ያለ ፕሮሰሰር 6000 በ30 የሆነ፣ ኤክስፖ ያለው፣ ሁለት ፍሬ ሆኖ በአንድ ካርቶን የታሸገ ራም እንገዛለን። በ36ም ቢሆን ዋጋው ከረከሰ አንነቅፈውም። ከመክፈላችንም በፊት የማዘርቦርዱ ሠሪ የሞከራቸውን ራሞች የዘረዘረበትን ሰነድ አውጥተን የራሙ ሙሉ ቁጥር እንዳለበት እናያለን፤ ይህ ሰነድ በነጻ የሚገኝ ሲሆን እኛ ያየነው ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ ነው። ፕሮሰሰሩ በስሙ መጨረሻ ኤክስ 3ዲ ያለበት ቢሆን ደግሞ ለራም ፍጥነት የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ይበልጥ ይባክናል። ለምሳሌ ራይዘን 7 7800 ኤክስ 3ዲ 96 ሜጋባይት ካሽ በውስጡ ስለ ተሸከመ ወደ ራም የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ነው። ያ ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ ቢውል በጨዋታው ላይ ይታያል።

ሁለት ፍሬ ያልነውም ያለ ነገር አይደለም። ታናናሾቻችን «አሁን ሁለት፣ ለከርሞ ሁለት እንጨምር» ይላሉ። አራቱ ማስገቢያዎች በሞሉ ጊዜ ግን ለራይዘን 7000 የሚረጋገጠው ፍጥነት ከ5200 ወደ 3600 ይወርዳል። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ራሞችም፣ ስማቸውና ቁጥራቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም ፍሬ ከፕሮሰሰሩ ሲቈጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ ማግባት ነው። ይህን አንድ ነገር እኛም አልተሳሳትንም።

ስለ ቺፕ ከተነሣ፣ በዚህ ትውልድ ለኦቨርክሎክ የተመሰገነው የኤስኬ ሃይኒክስ ኤ-ዳይ የሚባለው ነው። እስከ 7200 የሚታዘዙ ራሞች በብዙው ሃይኒክስ ስለሚይዙ፣ የእኛው ራም ወደ 6000 ሲወርድ ያለ ችግር በ30 መሥራቱ ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። መጽናኛችን ይህ ነው፤ መጽናኛውን ግን ከሚገባው በላይ ገዛነው።

ስለ ቮልቴጅ ለታናናሾቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዲ.ዲ.አር. 5 በተፈጥሮው የሚሠራው በ1.1 ቮልት ሲሆን ኦቨርክሎክ የሚደረጉት ብዙ ጊዜ 1.35 ይፈልጋሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ የሚመገብበት ቮልቴጅ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከነማዘርቦርዳቸው መቃጠላቸው ከተሰማ በኋላ፣ ኤ.ኤም.ዲ. ይህ ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ ገደብ አስቀምጧል። እኛም በ6400 ዘመናችን ወደዚያው ድንበር ተጠግተን ነበር። ራም ቢበላሽ ራም ነው፤ ፕሮሰሰር ቢቃጠል ግን ክበባችን በዚያው በፈረሰ።

ተሳስተን የገዛነውን ለምን ሸጠን አልለወጥነውም የሚል ጥያቄም ከወላጆች ቀርቦልናል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ወራት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ከእጥፍ በላይ ወጣ። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የሚባሉት ሦስቱ ፋብሪካዎች ለሰው ሠራሽ ልኅቀት ማእከሎች ማምረትን ስላስቀደሙ ነው። ቢሸጥ ኖሮ ለእኛም ትርፍ ነበር፤ ነገር ግን በእርሱ ፈንታ የምንገዛው ደግሞ በዚያው ልክ ተወድዶ ነበር። ስለዚህ የያዝነውን ይዘን ተቀመጥን።

ከ27ቱ ፎቶግራፎች 18ቱን ባለቤቶቹን እንደገና እየለመንን አንሥተናል፤ ማንም አልተቈጣንም፤ ይህም ከቊጣ ይልቅ ከበደን። የቀሩት 9ኙ በአንድ አልበም ውስጥ የነበሩ ሲሆኑ፣ ባለቤቲቱ እመቤት አልበሙን ይዘው ወደ ልጃቸው ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። መልእክት ልከናል፤ መልስ እንጠብቃለን። መጽሔቱ ግን ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ ስላለበት፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በሚናገረው ምዕራፍ ላይ ዘጠኝ ባዶ ክፈፎች ታገኛላችሁ። የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደሉም።

ከእናንተ መካከል የእነዚያ ዓመታት ፎቶግራፍ በቤቱ ያለው ቢኖር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ባለው ክፍላችን ዘወትር ከሰዓት በኋላ እንገኛለን። ባለቤቱ እያየ እናነሣለን፤ ቅጂውን ከዋናው ጋር አስተያይተን ካሳየን በኋላ ፎቶግራፉን እዚያው እንመልሳለን። ኮምፒዩተሩ አሁን የሚሠራው በ6000 ነው።